ሉድሚላ ገና አልሰማችም

ወይዘሮ አጸደ ባላቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከላቸውን አወለቁ። መኝታ ቤት ገብተው ሲዘገዩ ልጃቸው ሚላ በሩን ልታንኳኳ ነበር፤ እሳቸው ቀድመው ከፈቱና አበባ ያለበት ቀሚስና የቡና ዓይነት ሹራብ ለብሰው ወጡ። ጥቁሩን ሻሽ ግን እንደ ጨበጡት ነው። የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። የባል አርባ ሳይወጣ ከል ማውለቅ ምን እንደሚያስብል ለእኛ ሰው አይነገርም። ሚላ ሻሹን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ዘጋችው። እናቷ እንዳታስነሺው፣ ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ አሏት።

ቤቱን ከለቅሶ ቤትነት ወደ ተራ ቤትነት የመመለሱ ሥራ ከትናንት ጀምሮ የተያዘ ነው። የመረዳጃ ማኅበሩ ተጣጣፊ ወንበሮች ጋራዥ ገብተው ተደረደሩ። ጥጉ ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት የአቶ ውድነህ ፎቶ ቁም ሣጥን ገባ። ለቀስተኛ ያመጣው የታሸገ ውሃ አልጋ ሥር ተገፋ፤ ያን ያህል ውሃ በአንድ ሳሎን ተቆልሎ ሲታይ ሐበሻ ያልሆነም ሰው ነገሩ ይገባዋል። የሟች እኅት ወይዘሮ አልጣሽ በዴንቨር ዳርቻ ካለችው ከሴንቴኒያል ድረስ ነድተው መጥተው ሲያግዙ ቆዩና የወንድማቸውን ካፖርት ከበሩ ጀርባ ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ። ሥራውን ሁሉ በስልክ የሚያዙት የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ለገሠ እሱን ተዪው አሏቸው፤ ሆስፒታል ተኝቷል የተባለ ሰው ካፖርቱ ቤቱ ካልተገኘ ነገሩ ይነቃል። እኛ ሰዎች የሞተን ሰው ትንሽ አሞት ነው ማለት እንችልበታለን። ለምደነዋል፣ እንዲያውም ከደግነታችን ቆጥረነዋል።

ይህ ሁሉ መሰናዶ ከሳክራመንቶ በጠዋቱ አውሮፕላን ለምትመጣ ለአንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋ የአቶ ውድነህ የመጀመሪያ ልጅ ናት። እሳቸው ዩክሬን፣ ካርኮቭ የእርሻ መሣሪያ ምሕንድስና ሲማሩ ከአንዲት የዚያ አገር ልጅ ወለዷት፤ ዓመት ሳይሞላት ትምህርታቸው አልቆ አገራቸው ተመለሱ፤ ደብዳቤው ጥቂት ጊዜ ተመላለሰና ቀረ። ልጅቱ አድጋ፣ እሷም ወልዳ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከነልጇ ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ ባለፈው መስከረም አባቷን ፌስቡክ ላይ አፈላልጋ አገኘቻቸው። ስሟ ሉድሚላ ነው። እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ያለችውም ልጃቸው ስሟ ሉድሚላ ነው። ትንሿን ቤት ውስጥ ሚላ ይሏታል፣ ትልቋን የእናቷ አገር ሰዎች ሉዳ ይሏታል፤ ስለዚህ ለመለየት አያስቸግሩም። ያስቸገረው ሌላ ነው።

ሚላ ይህን ስም ይዛ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ሆናለች። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለች አስተማሪዎቿ ስም ሲጠሩ እሷ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ያዩዋት ነበር፤ የአባቷ ትምህርት ከስሟ ላይ ይነበባል። ዴንቨር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ስትይዝ ደግሞ ከሩስያና ከዩክሬን የመጡ አሮጊቶች ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ አንብበው በደስታ እጇን ይይዙና፣ ፊቷን ሲያዩ ግራ ይገባቸዋል። ከእነሱ ሁለቱ ሉድሚላ ናቸው። አንደኛዋ ልጆቿንም አገሯንም ረስታ ስሟን ብቻ ነው ያልረሳችው፤ ሚላ ገላዋን ስታጥባት ስሟን ደጋግማ እየጠራች ታባብላታለች። የሌላ ሰው ስም እየጠራች የራሷን መስማት ደስ ይላት ነበር። አባቷን ለምን ሉድሚላ እንዳሏት ስትጠይቃቸው በሰው የተወደደች ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም ይሏት ነበር።

ሌላ ነገር እንዳለው የታወቀው በዚያው በመስከረም ነው። አቶ ውድነህ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ሶፋ ላይ አስቀምጠው ሁሉን ነገሯቸው። መጨረሻ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የመጀመሪያዋን ጥያት ስመጣ ስሟ ከቤቴ እንዲጠፋ አልፈለግኩም አሉ። ወይዘሮ አጸደ አልጮኹም። ተነሥተው የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመሩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ለባላቸው ምሳ ያቀርባሉ፣ አብረው ግን አይበሉም። አንድ ቀን ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መብራት ይዟቸው ሳለ ለሚላ፣ እኔ እኮ ሳሌም ልልሽ ነበር፣ እሱ ለምኖኝ ነው የተውኩት አሏት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ወሬው እዚያው ቀረ።

አቶ ውድነህ ከሉዳ ጋር የሚያወሩት ጋራዥ ገብተው ነበር። ሩስያኛቸው ዝጎ ነበርና መጀመሪያ እየተንተባተቡ፣ በኋላ ግን እየሣቁ ያወሩ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሚላ ኩሽና ሳለች ስሟ ሲጠራ ሰምታ «አቤት» ብላ የጋራዡን በር ከፈተች። አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሉድሚላ አሉ እንደገና፤ እሷን በዚያ ድምፅ ጠርተዋት አያውቁም። በሩን ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። ቅናት በዚህ ዕድሜ አያምርም፤ ሚላ ግን ቀናች፣ ያውም ክፉኛ።

ሉዳ ቲኬቷን ከቆረጠች በኋላ ነው አቶ ውድነህ አንድ ማለዳ መታጠቢያ ቤት ገብተው በዚያው የወደቁት። ለእሷ ማን ይንገራት የሚለው ጉዳይ ከቀብሩ በፊት ተነሥቶ ነበር። ነገሩን የቆረጡት የአቶ ውድነህ የካርኮቭ የትምህርት ጓደኛ አቶ ለገሠ ናቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሰው አገር ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሣታል፣ በቆረጠችው ቀን ትምጣ፣ እህል ቀምሳ ትደር፣ ማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን አሉ። የሽማግሌ ነገር ነውና ያስኬዳል። ቀብሩ ግን እሷን አልጠበቀም። ቤተ ክርስቲያን የተነበበው የሕይወት ታሪክ አቶ ውድነህ የአንዲት ልጅ አባት እንደነበሩ ተናገረ፤ ለቀስተኛውም ሰምቶ ዝም አለ። ለሉዳ ጉሮሮው ላይ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም ተባለ። ባለፈው እሑድ ደውላ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጉልኝና እኔ ላውራው ስትል፣ ተኝቷል ያለቻት ሚላ ናት።

ኤርፖርት ላይ ሚላ እኅቷን ለማወቅ ፎቶ አላስፈለጋትም። ያ የአባቷ ሰፊ ግንባር በሴት ፊት ላይ ሆኖ በሰው መሐል ወደ እሷ መጣ። ሉዳ የእጅ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣል አድርጋ አቀፈቻትና ሳትለቃት ቆየች። ጸጉር ሠሪ ናት፤ መቀሷን ሻንጣ ውስጥ ስላደረገችው ሻንጣው እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባቸው። እየጠበቁ በእንግሊዝኛ አወሩ፤ የሉዳ እንግሊዝኛ የጸጉር ቤት ነው፣ ደንበኛ የሚያስቅና ዋጋ የሚነግር። አባቴ ዴንቨር ውስጥ ሰው የመሰለ ጸጉር ቆራጭ የለም ብሎኛል፣ አልጋው ላይ እንዳለም ቢሆን ዛሬ እቆርጠዋለሁ አለች። ሚላ ሳታስበው ሣቀች። አቶ ውድነህ ሃቫና መንገድ ላይ ያለውን አንዱን ጸጉር ቆራጭ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ሲያሙት ከእሱ ሌላ ጋ ሄደው አያውቁም። ከሣቀች በኋላ ፊቷን ወደ ሻንጣዎቹ አዞረች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር።

መኪና ውስጥ ሉዳ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንሂድ አለች። ሚላ ጠያቂ የሚያስገቡት ከሰዓት በኋላ ነው ብላ ዋሸቻት። ለፓርኪንጉ የተከፈለውን አይታ ሉዳ ኧረ ሳክራመንቶ ይሻላል አለች፤ ከዚያ ስለ ዕንቁላል ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ልጇ የአሜሪካን ትምህርት ቤት ምሳ አልበላም ስለማለቱ አወራች። ከኤርፖርቱ የሚያወጣው መንገድ ዳርና ዳሩ ሜዳ ነው፤ የመጋቢት በረዶ ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ኦሮራ ሲቃረቡ ሉዳ ወሬዋን አቋርጣ፣ ስማችን ከየት እንደመጣ ነግሮሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ለሚላ አልነገሯትም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ኃላፊ የነበረች ባልቴት ናት አለች ሉዳ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ አባታችን ሳንባውን ታምሞ ወድቆ ሳለ የሟች ልጇን ብርድ ልብስ አልብሳ፣ ሾርባ እየሠራች አስታማ አዳነችው። ሉድሚላ ነበር ስሟ። ሳትወልድልኝ ወለደችኝ ብሎ ነው የነገረኝ አለች። ሚላ አባቷ ሳንባቸውን ታምመው እንደነበር እንኳ አታውቅም ነበር።

ወይዘሮ አጸደ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ሉዳን ጉንጯን እያፈራረቁ ሳሟት፤ ከዚያ ትከሻዋን ይዘው ራቅ አደረጓትና አዩዋት። አስተያየታቸው የቂም አልነበረም፣ የፍቅርም አልነበረም፤ ዕቃ ሲገዙ ጉድለት እንደሚፈልግ ሰው ነው ያዩዋት። ጉድለት ሳያገኙ አልቀሩም፣ ግንባሩ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ላላ። ወደ ወይዘሮ አልጣሽ ዞረው «ቁርጥ እሱን» አሉ በአማርኛ። ሉዳ ምን እንደተባለ ሳይገባት ፈገግ አለች። ወይዘሮ አልጣሽ መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

ምሳ ላይ የሆነው ነገር የሚያስቅ ነበር፣ የሚስቅ ቢኖር። ወይዘሮ አጸደ እንግዳ ስለ ጾም አይጠየቅም ብለው በዐቢይ ጾም ዶሮ ሠርተው ነበር። ሉዳ አይታ አመሰገነችና እኔም እየጾምኩ ነው አለች፤ የእነሱም ፋሲካ ከእኛ ጋር ነው። ሽሮና ጎመን ቀረበ። በእጅ እንዴት እንደሚጠቀለል ከአባቴ በቪዲዮ ተምሬያለሁ ብላ እየጠቀለለች በላች። ወይዘሮ አጸደ እንጀራ ሲጨምሩላት፣ ወጥ ሲጨልፉላት፣ ብዪ በያት እያሉ ሚላን ሲያዙ ቆዩ። ይህች ሴት ዛሬ ሆዷ መሙላት አለበት፤ ነገ ማለዳ ይገድላታልና። እናቷን የምታውቅ ሚላ የነገው ሐዘን ከልብ እንዳስጨነቃቸው አየች። እናቷን ስለምታውቅም ሌላውን አልረሳችም፤ ቀብሩ ሳያልፍ እንዳትመጣ ሲባል ከሁሉ ቀድመው መልካም ነው ያሉት እሳቸው ነበሩ።

ሉዳ ስትነሣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ካፖርት አየችው። የማን ነው ብላ አልጠየቀችም። እጅጌውን አነሣች፣ አሸተተችው፣ ከመስቀያው አውርዳ ክንዷ ላይ አደረገችው። ከሆስፒታል ሲወጣ ብርድ ነው፣ እንውሰድለት አለች። ወይዘሮ አልጣሽ ሚላን አዩ፤ ወይዘሮ አጸደ መሬት አዩ። ሚላ ቁልፏን አንሥታ እንሂድ አለች። ሄደው አላስገቡንም ብለው እንዲመለሱ ነበር የተነገራት፤ አቶ ለገሠ ሁሉን አስበውበታል። ሰው ይጠይቃል፣ ዘበኛው ይመልሳል፣ ቀኑ ይመሻል።

ሚላ ሎውሪ የሚባለውን ሠፈር አልፋ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ደርሳ የመታጠፊያውን መብራት አበራች። ጎኗ ሉዳ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ከኪሱ ያገኘችውን የከረሜላ ወረቀት በጣቶቿ እያለሰለሰች ተቀምጣለች። አስገባኝ ብላ የምትለምነውን፣ ዘበኛው ስም ጠይቆ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚያጣውን፣ ያን ሁሉ ሚላ አሰበችና መብራቱን አጠፋችው። ቀጥ ብላ ነዳች። ከከተማው ጫፍ ካለው የመቃብር ቦታ በር ላይ ስትደርስ ሉዳ ወረቀቱን መዳበስ አቆመች። በሩ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ሚላ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። ሁለቱም ወረዱ።

የአቶ ውድነህ መቃብር ገና ድንጋይ አልቆመበትም። አፈሩ ጎብጦ፣ አበባው በበረዶ ጠቁሮ፣ ስማቸው የተጻፈበት ትንሽ ካርድ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተተክሏል። ሉዳ ጎንበስ ብላ ካርዱን አነበበችና ቀና አለች። አላለቀሰችም።

«መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«እሑድ ደውዬ ነበር። ተኝቷል ነው ያልሽኝ።»

«አዎ፣ ብዬሻለሁ» አለች ሚላ።

ሉዳ በሩስያኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ስድብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በእንግሊዝኛ ወረደችባት። እናቴን ቦምብ እየዘነበ በጓሮ ቀብሬያታለሁ፣ እፍኝ አፈር ግን በእጄ አልብሼያታለሁ፤ ለእሱስ እንደዚያ ላደርግለት አይገባኝም ነበር ወይ አለቻት። ከአውሮፕላን ሳልወርድ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር፣ አልነገርሽኝም፤ ምግብ አበላችሁኝ፤ የእናትሽን ቀሚስ አበባው ያምራል ብዬ አሞገስኩት አለች። ሚላ ያላትን እውነት ብቻ ተናገረች፤ እናቴ ሰው ፊት እንድትታዪ አልፈለገችም፣ እኔም አልፈለግኩም አለች። ቀብሩ ላይ አንዲት ሉድሚላ ብቻ እንድትሆን ፈልጌ ነበር አለች። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር መጮኽ ነበረባት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር እየጮኹ መናገር ይከብዳል።

ሉዳ ካፖርቱን ለበሰችው። ሰፍቷታል። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ ከጎበጠው አፈር በእፍኟ ዘገነችና መልሳ በተነችው፤ ደጋግማ እንዲሁ አደረገች። ሚላ ራቅ ብላ ጠበቀች። ሲበቃት ሉዳ እጇን ጥግ ላይ ባልቀለጠው በረዶ እያጠበች ጠየቀች፤ ማን ማን ነው የሚያውቀው? ሁሉም ያውቃል አለች ሚላ። ታዲያ እስከ መቼ ልትደብቁኝ ነበር? እስከ ነገ ማለዳ ነው አለችና ነገሩን አስረዳቻት። ሳይነጋ ሰው እንደሚሰበሰብ፣ ሽማግሌው ከፊት ተቀምጦ እንደሚናገር፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው እንዳይወድቁ እንደሚያደርጉ፣ ከዚያ ሁሉም አብሮ እንደሚያለቅስ ነገረቻት። ማስረዳት ስትጀምር አፍራ ነበር፤ እየተናገረች ስትሄድ ግን ነገሩ እንደገና ደግ ነገር መሰላት።

«ለሁሉም ሰው ነው እንዲህ የምታደርጉት?» አለች ሉዳ።

ሚላ አሰበች። «የለም። ለሥራ ጓደኞቹ ቴክስት ነው የተላከላቸው። መርዶ የሚነገረው ለልጅ ነው፣ ለእናት፣ ለእኅት፣ ለወንድም። ለሥጋው ነው።»

ሉዳ እጇን ካፖርቱ ላይ አደራረቀች። የመቃብሩን ካርድ አየች፣ መንገዱን አየች። ሚላ አሁን ወደ ኤርፖርት ውሰጂኝ ትለኛለች ብላ ትጠብቅ ነበር፤ ብትላት ትወስዳት ነበር።

«እንግዲያው እኔ ገና አልሰማሁም» አለች ሉዳ። «ወደ ቤት ውሰጂኝ። ይንገሩኝ።»

ቤት ሲደርሱ አላስገቡንም ተባለ። ወይዘሮ አጸደ ምንም ሳይጠይቁ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው እራት አቀረቡ። ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ ያዩት ይመስላል፤ ቢያዩም አልተናገሩም። ሉዳ እንደ ታዘዘች በላች። ቴሌቪዥን ተከፈተ፣ ማንም አላየውም። ማታ ሉዳ የእኅቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታወልቅ፣ ሚላ ቀኑን ሙሉ ስታስበው የዋለችውን ጠየቀቻት፤ ስለ እኔ ምን ይልሽ ነበር? ሉዳ ዋሽታ ልታስደስታት ትችል ነበር። የውሸት ቤት ውስጥ አንድ ተጨማሪ ውሸት ማንንም አይጎዳም። እሷ ግን አልጠየቅኩትም አለች። አንቺ ሌላውን ጊዜ ሁሉ ይዘሽዋል፣ የስልኩ ጊዜ የእኔ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት፤ ስለ አንቺ ሲጀምር ወሬ እለውጥበት ነበር አለች። ሚላ መብራቱን አጥፍታ ወደ ሶፋው ሄደች። ያን ጥያቄ ከእንግዲህ የሚመልሰው የለም።

ገና ጎሕ ሲቀድ መኪኖቹ መጡ። ነጂዎቹ መብራታቸውን አጥፍተው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀስ ብለው ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እግራቸው እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ ገቡ። ወንበሮቹ ከጋራዥ ሲወጡ እንኳ አልጮኹም። ወይዘሮ አጸደ ጥቁራቸውን መልሰው ለብሰዋል። ሉዳ ተቀስቅሳ መጣችና ሳሎኑ ሞልቶ አየችው፤ አይቷት የማያውቅ ሰው ሁሉ ለእሷ ሲል ሥራውን ትቶ በዚያ ብርድ መጥቶ ቆሟል። ሶፋው ላይ አስቀመጧት። ወይዘሮ አልጣሽ በቀኝ ያዟት፤ በግራዋ እንድትይዝ የታዘዘችው ሚላ ናት፣ ጠንካራ ነች ተብላ።

አቶ ለገሠ ወንበር ስበው ከፊታቸው ተቀመጡ። በሩስያኛ ለመናገር ሌሊቱን ሲለማመዱ ማደራቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ጀመሩ፤ አንድ ሁለት ቃል ሄዱና ቆሙ። እንደገና ጀመሩ። ከውድነህ ጋር በአንድ ክፍል የኖሩበት፣ አብረው የራቡበትና የሳቁበት ቋንቋ ያን ሰዓት ከዳቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና በአማርኛ ተናገሩ።

«ሉድሚላ፣ ልጄ፣ አባትሽ ዐርፏል። አባትሽን ቀብረነዋል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ይህን ቃል ለሚላ እስካሁን ማንም አልነገራትም ነበር። አባቷ ሲወድቁ ቤት የነበረችው እሷ ናት፤ ደረታቸውን የተጫነችው፣ አምቡላንሱን ተከትላ የነዳችው እሷ ናት። ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ አዝናለሁ አላትና ሄደ። ከዚያ ለእናቷ የነገረች፣ ለአቶ ለገሠ የደወለች፣ ዘመድ ወዳጁን ያረዳች እሷ ሆነች። ከፊቷ ተቀምጦ፣ በስሟ ጠርቶ፣ አባትሽ ሞቷል ያላት ሰው ስላልነበረ፣ ሦስቱን ሳምንት ሻይ ስታቀርብና ወንበር ስትዘረጋ ነው የከረመችው። አሁን ተነገራት። እኅቷን ለቀቀችና ከሶፋው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ሆነች፤ ከውስጧ የወጣውን ድምፅ ራሷም አላወቀችውም።

ሊይዙ የመጡት ሴቶች እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆሙ፤ ለየትኛዋ እንደሚደርሱ አላወቁም። ሉዳ አማርኛውን አልሰማችም፣ መስማትም አላስፈለጋትም። ከወይዘሮ አልጣሽ እጅ ወጥታ ወለሉ ላይ ወረደችና ሚላን ከኋላዋ አቀፈቻት። ወይዘሮ አጸደ ባላቸው ከተቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው አለቀሱ።